ሁለት ጊዜ የተጠየቀ ሕዝብ፤ ስለ ምርጫ ሥርዓት መታደስ የቀረበ ዳሰሳ

ከወላይታ ሶዶ ወደ ምዕራብ፥ በኦሞ ወንዝ ሸለቆ አቅጣጫ የምትገኘው ቤሌ፥ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ዋና ከተማ፥ በ2015 ዓ.ም. እንደ መላው የወላይታ ዞን ሁሉ በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት ጊዜ ድምፅ እንድትሰጥ ተጠርታለች። የመጀመሪያው ጥሪ ጥር 29 ቀን ነበር፤ በዚያ ዕለት የወላይታ፥ የጋሞ፥ የጎፋ፥ የኮንሶ፥ የደቡብ ኦሞና የጌዴኦ ዞኖች ከቡርጂ፥ ከአማሮ፥ ከደራሼ፥ ከባስኬቶና ከአሌ ልዩ ወረዳዎች ጋር በአንድነት ዐዲስ ክልል ይመሥርቱ ወይስ በነባሩ የደቡብ ክልል ውስጥ ይቆዩ የሚለውን ለመወሰን ሕዝቡ ወደ ምርጫ ጣቢያዎች ወጣ። የአምስቱ ዞኖችና የአምስቱ ልዩ ወረዳዎች ውጤት ሲጸድቅ የወላይታው ግን፥ በመራጮች ምዝገባና በድምፅ አሰጣጡ ላይ የሕግ ጥሰት ተገኝቶበታል ተብሎ፥ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ውሳኔ ፈረሰ፤ የዞኑም ሕዝብ ሰኔ 12 ቀን እንደ ገና ሰልፍ ይዞ ድምፁን ሰጠ።

በዚህ አድራጎት ውስጥ አስተውሎ ለሚመለከት ሰው የሚያስገርም ነገር አለ። ከሁለተኛው ድምፅ የወጣው ፍርድ ብዙዎች አስቀድመው ከጠበቁት የተለየ አልነበረም፤ ዐዲሱም ክልል የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተብሎ፥ ወላይታ ሶዶንም የአስተዳደሩ መቀመጫ አድርጎ፥ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ተመሠረተ። እንግዲህ መድረሻው የታወቀ መንገድ ሁለተኛ እንዲኬድ ገንዘብና ድካም ማፍሰስ ምን ጥቅም አለው የሚል ጥያቄ በየቡና ቤቱ መነሣቱ አያስደንቅም። የዚህ ጽሑፍ መልስ ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው የሚል ነው፤ ምክንያቱም የምርጫ ዳኛ ዳኝነቱ የሚፈተነው አሸናፊው በሚያጠራጥርበት ቀን ሳይሆን፥ አሸናፊው ማንንም በማያጠራጥርበትና ዐይንን ጨፍኖ ማለፍ ቀላል በሆነበት ቀን ነውና። ነገር ግን ይኸው ጉዳይ ሌላም ገጽ አለው፤ ዳኛው ታድሶ ሳለ የድምፁ ስሌትና የጥያቄው አቀራረብ ሳይታደሱ መቅረታቸውን ደግሞ የሚያሳየን ይኸው የወላይታ ጉዳይ ነው።

ሕዝብ መሪውን ወይም ተጠሪውን ይምረጥ የሚለው አሳብ ለኢትዮጵያ ሰው ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በጋሞ ደጋዎች ሃላቃ የተባለው የአካባቢ ሹም የሚሾመው ሕዝቡ ዱቡሻ በሚባለው የመሰብሰቢያ አደባባይ ተሰብስቦ፥ ተመካክሮና ተስማምቶ ነው፤ በወላይታም ከካዎ ጦና መንግሥት መውደቅ፥ ማለት ከ1887 ዓ.ም. አስቀድሞ፥ ካዎ የተባሉት ነገሥታት ሥልጣናቸው ብርቱ ቢሆንም የአገር ጉዳይ በአደባባይ የሚመከርበት ጉታራ ነበረ፤ ዛሬም በሶዶ ያለው ታላቁ የስብሰባ አዳራሽ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። በቤተ ክርስቲያንም ቢሆን በግብረ ሐዋርያት እንደ ተጻፈው ማትያስ በይሁዳ ምትክ የገባው በዕጣ ሲሆን፥ ሰባቱ ዲያቆናት ግን የተመረጡት በምእመናኑ ጉባኤ፥ የተሾሙትም በሐዋርያት አንብሮተ እድ ነው፤ ምርጫውና ሹመቱ ለየብቻ መሆናቸው ለሕግ ሰው የሚያሳስብ ቁም ነገር አለው። እንግዳ የሆነው የመምረጡ አሳብ ሳይሆን፥ ፊት ለፊት የማይተዋወቁ ብዙ ሚሊዮን ሰዎች በአንድ ቀን፥ በምሥጢር፥ በወረቀት የሚፈርዱበት ሥርዓት ነው፤ በዱቡሻ ማን እንደ ተናገረና ማን ዝም እንዳለ ሁሉ ያያል፥ በኮሮጆ ውስጥ ግን ምን እንደ ገባ ከዘበኛው በቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ዘበኛውን የሚጠብቅ ሕግ ያስፈልጋል።

ይህን ሕግ አንድም አገር በአንድ ቀን አላገኘውም። የፓርላማ እናት እየተባለች የምትመሰገነው እንግሊዝ እስከ 1832 እ.ኤ.አ. ድረስ ነዋሪ የሌለበት ኦልድ ሳረም የተባለ ጉብታ ሁለት እንደራሴዎች ወደ ምክር ቤት ሲልክ፥ እንደ ማንቸስተር ያለ ታላቅ ከተማ የራሱ እንደራሴ አልነበረውም። በዚያው አገር ጭሰኛ በባለርስቱ ፊት ድምፁን ጮኾ መስጠቱ የቀረው በ1872 ነው፤ ምሥጢራዊውን የድምፅ መስጫ ወረቀት ከዚያ በፊት በ1856 የጀመሩት የአውስትራሊያ ግዛቶች ነበሩ። በምርጫ ዘመን ጉቦና ግብዣ ማብዛት በብርቱ ቅጣት የተከለከለው ደግሞ በ1883 ነው። ከነዚህ ለውጦች አብዛኞቹ በሥልጣን ላይ ያለው ክፍል ያለ ውድ ያደረጋቸው፥ ቢዘገይ የሚመጣውን መዓት ፈርቶ የተቀበላቸው ናቸው።

በእኛ አገር የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንዲቋቋም ሲፈቅድ፥ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ እንደራሴዎቹን መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡለት ደነገገ። ሕዝቡ የበቃው መቼ እንደ ሆነ የሚመረምር መለኪያ በሕጉ አልተጻፈም፤ ብቃቱ በዐዋጅ የመጣው በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ነው። በዚህም መሠረት አገሪቱ ሁለት መቶ ሺህ ያህል ነዋሪ ባላቸው የምርጫ ክፍሎች ተከፍላ፥ ከያንዳንዱ ክፍል ሁለት እንደራሴዎች በየአራት ዓመቱ እንዲመረጡ ሆነ፤ የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ተደርጎ፥ ሴቶችም መርጠው፥ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። ይሁን እንጂ የፖለቲካ ማኅበር አልነበረም፤ ለዕጩነትም ንብረት ይጠየቅ ነበር፤ እንደራሴው በዋለበት ሸንጎ ሚኒስትር ለመሾምም ሆነ ለመሻር ሥልጣን አልነበረውም። በየአራት ዓመቱ አምስት ጊዜ ምርጫ ተካሂዶ፥ ከአምስተኛው በኋላ ዓመት ሳይሞላ አብዮቱ ፈነዳ። ሰዎች በምርጫ የሚለውጡት ነገር ሲያጡ ሌላ መንገድ እንደሚፈልጉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የደርግ ዘመን ለዳሰሳችን ጥቂት ብቻ ይጨምራል። በጥር 1979 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ሕገ መንግሥት 81 ከመቶ በሚሆን ድምፅ ጸደቀ፤ በሰኔም 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ተመረጠ። ፓርቲው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ከአንድ ዕቃ መምረጥ ምርጫ ነው የሚል ሰው ካለ ክርክሩን ለእርሱ እንተውለት።

ከኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ሕገ መንግሥት ከቀደሙት በሦስት ነገሮች ይለያል። አንቀጽ 38 መምረጥንና መመረጥን የዜጋ መብት አደረገው፤ አንቀጽ 102 ከማናቸውም ተጽዕኖ ነጻ የሆነ የምርጫ ቦርድ እንዲቋቋም አዘዘ፤ አንቀጽ 47 ደግሞ ብሔሮችና ብሔረሰቦች የራሳቸውን ክልል የመመሥረት መብታቸውን ከነአፈጻጸሙ ዘረዘረ። ወረቀቱ የሚነቀፍ አልነበረም። ነጻ የተባለው ቦርድ ግን አባላቱን የሚያቀርበው ጠቅላይ ሚኒስትሩ፥ የሚያጸድቀውም የገዢው ወገን ምክር ቤት ስለ ነበረ፥ ተቃዋሚዎች ለዓመታት ዳኛው የተጋጣሚያችን ወንድም ነው እያሉ ይከሱት ነበር።

የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ያንን ክስ ወደ መዓት ለወጠው። ሕዝቡ በብዛት ወጥቶ፥ የክርክሩም መድረክ ከቀድሞው ሰፋ ብሎ፥ የተቃዋሚዎች ኅብረት የሆነው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ አሸነፈ፤ በአገር አቀፉ ውጤት ላይ ግን ገዢውና ተቃዋሚው ሳይተማመኑ ቀርተው፥ በሰኔና በጥቅምት በተነሣው ሁከት በመንግሥት የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን እንደ ቈጠረው 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ። ከታሠሩት የቅንጅት መሪዎች መካከል አንዷ የቀድሞዋ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተከተለው ጸጥታ ከጩኸቱ ይልቅ አሳሳቢ ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. ከ547 መቀመጫዎች ለተቃዋሚ አንድ፥ ለግል ተወዳዳሪም አንድ ብቻ ተረፈ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አንድም ሳይቀር 547ቱን ገዢው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙት። በብዙ ሚሊዮን ሕዝብ መካከል በአንድ የምርጫ ክልል እንኳ የተለየ አሳብ አልተገኘም ማለት ነው፤ ይህን ውጤት ያጸደቁት ሰዎች ራሳቸው ሳይደነግጡ አልቀሩም ብሎ ይህ ጸሐፊ ይገምታል። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ከወላይታ የተገኙት ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በሕዝብ ተቃውሞ ማዕበል መካከል ሥልጣናቸውን ለመልቀቅ ጠየቁ። ሙሉው ምክር ቤት ሙሉውን አገር አልወከለም ነበር።

የ2011ዱ መታደስ የተጀመረው ከዚህ ትምህርት ነው። በኅዳር ወር ብርቱካን ሚደቅሳ፥ በ1997ቱ ምርጫ ማግሥት የታሠሩት ሴት፥ የቦርዱ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ፤ እንዲህ ያለውን መገለባበጥ ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው አንባቢ አበዛው ባለ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1133 ቦርዱን አምስት የሙሉ ጊዜ አባላት ያሉት አድርጎ አቋቁሞ፥ ዕጩዎቹን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ ከማቅረባቸው በፊት ከሃይማኖት፥ ከሙያና ከሌሎችም ማኅበራዊ ተቋማት የተውጣጣ ኮሚቴ እንዲመለምላቸው አደረገ። ተከታዩ ዐዋጅ ቁጥር 1162 ደግሞ የምርጫውን፥ የፓርቲዎችን ምዝገባና የሥነ ምግባሩን ሕግ በአንድ ጥራዝ ሰበሰበ፤ ለአገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፥ ለክልል ፓርቲ 4,000 የመሥራቾች ፊርማ ጠየቀ፤ ከቦርዱ ውሳኔ ወደ ፍርድ ቤት የሚኬድበትንም በር ከፈተ። ይህ በር ለይስሙላ አለመሆኑ በ2013 ዓ.ም. ተፈተነ፤ በእስር ላይ የነበሩ የተቃዋሚው የባልደራስ ፓርቲ መሪዎች በዕጩነት ይመዝገቡ ሲል የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሲወስን፥ ቦርዱ መጀመሪያ ጊዜው አልፏል ብሎ ካቅማማ በኋላ ፈጸመ። በእኛ አገር የምርጫ አስፈጻሚ በዳኛ ተረትቶ ትእዛዝ ሲቀበል ማየት እምብዛም የተለመደ አልነበረም።

የታደሰው ግን ዳኛው እንጂ የድምፁ ስሌት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 በያንዳንዱ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል ይላል፤ ይህም ማለት አምስት ተወዳዳሪዎች ባሉበት ሠላሳ ከመቶ ያገኘ ሰው መቀመጫውን በሙሉ ሲወስድ የሰባው ከመቶ ድምፅ ከንቱ ይቀራል ማለት ነው። በገበያ እህል በጣሳ ሲሰፈር የሰፋሪውን እጅ ሁሉ ነቅቶ ይጠብቃል፥ የጣሳውን ቂጥ ወደ ውስጥ መጐድጐድ ግን ገልብጦ ያላየ አያውቀውም፤ ታዛቢውም፥ የመራጭነት ካርዱም፥ በማይለቅ ቀለም የተነከረው ጣትም የሰፋሪውን እጅ የሚጠብቁ ናቸው። በሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ምርጫ፥ ከቀድሞዎቹ ሁለት ምርጫዎች ይልቅ የቦርዱ አሠራር ተሻሽሎ ሳለ፥ ገዢው ብልጽግና ፓርቲ 410 መቀመጫ ሲያገኝ ተቃዋሚዎች ሁሉ ተደምረው 11፥ የግል ተወዳዳሪዎችም 4 ብቻ ማግኘታቸው ብዙ ምክንያቶች አሉት፤ በብዙ ስፍራ የነበረው የጸጥታ መታወክና የተቃዋሚዎች መሰናከል ቀላል አይደለም። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ይኸው ጣሳ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንዳከሙት ማየት ይገባል። በሌሶቶ በ1998 እ.ኤ.አ. በተደረገው ምርጫ አንድ ፓርቲ 60 ከመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ80 መቀመጫዎች 79ኙን ወሰደ፤ የተሸነፉት ወደ አደባባይ ወጡ፥ ዋና ከተማይቱ ማሴሩ ተቃጠለች፥ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ወታደሮችም ገቡ። ከዚያ ሁሉ በኋላ አገሪቱ ቅይጥ ሥርዓት መርጣ፥ በ2002 ምክር ቤቷን ወደ 120 መቀመጫ አሳድጋ፥ ሰማንያውን በቀድሞው መንገድ፥ አርባውን ግን ፓርቲዎቹ በመላው አገር ባገኙት ድምፅ ልክ ማካካሻ አድርጋ አከፋፈለች፤ ሥልጣን ባይለወጥም ተቃዋሚው ከጎዳና ወደ ምክር ቤት ገባ። ኒውዚላንድ ደግሞ ያለ ደም፥ በ1978 እና በ1981 ከተወዳዳሪው ያነሰ ድምፅ ያገኘ ፓርቲ ሁለት ጊዜ መንግሥት ሲሆን አይታ፥ በ1993 በሕዝበ ውሳኔ ወደ ቅይጥ ሥርዓት ተሻገረች። ደቡብ አፍሪካ ከ1994 ጀምሮ በተመጣጣኝ ውክልና ትመራለች፤ በዚያ ያለው ቅሬታ ተቃራኒው ነው፥ እንደራሴው ለፓርቲው ዝርዝር እንጂ ለመንደሩ አይታይም የሚል። እንከን የሌለው መስፈሪያ የለም። እንደ ኢትዮጵያ ባለ ብዙ ቋንቋና ብዙ ብሔረሰብ ባለበት አገር ግን፥ በዚህ ጸሐፊ ሚዛን፥ የመንደሩን እንደራሴ ሳያስቀር የጠፋውን ድምፅ የሚያካክስ ቅይጥ ሥርዓት ከሌሎቹ ሁሉ ይሻላል። አንቀጽ 54ን ለማሻሻል በአንቀጽ 105 መሠረት የሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ስምምነት ያስፈልጋል፤ በአሮጌው ጣሳ የተሰፈረላቸው ሰዎች ጣሳው እንዲለወጥ እጃቸውን ማውጣት አለባቸው ማለት ነው።

ወደ ወላይታ እንመለስ፤ ነገሩ ከዚህ ይበልጥ የሚታየው በዚያ ነውና። አንቀጽ 47 ክልል የመመሥረት ጥያቄ በብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲጸድቅ፥ የክልሉ ምክር ቤት ጥያቄው በደረሰው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል ይላል። የሲዳማ ጥያቄ በዚህ መንገድ ሄዶ፥ የዓመቱ ቀጠሮ በሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ሳይፈጸም በማለፉ ደም ከፈሰሰ በኋላ፥ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፅ ተሰጥቶ፥ ሻፌታን ምልክቱ ያደረገው የክልልነት ምርጫ በነባሩ ክልል መቆየትን ያመለከተውን ጎጆ 98 ከመቶ በሚበልጥ ድምፅ ረታ። የወላይታ ዞን ምክር ቤት በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ተመሳሳይ ጥያቄ በሙሉ ድምፅ አጽድቆ አቀረበ፤ ዓመቱ ሞላ፥ ቀጠሮው ግን አልተቈረጠም። በነሐሴ መጀመሪያ 2012 ዓ.ም. የዞኑ መሪዎች በስብሰባ ላይ ሳሉ ተይዘው ታሠሩ፤ በሶዶና በቦዲቲ ለተቃውሞ ከወጡት ብዙ ሰዎች በጥይት ሞቱ። ሕገ መንግሥት የጊዜ ገደብ የሚጽፈው ለጌጥ አለመሆኑን የሚጠራጠር ቢኖር እነዚያን ቀናት ያስታውስ፤ ሕጋዊ ቀጠሮ ሲታለፍ የሚመጣው ዝምታ ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የተመረጠው መንገድ መሰባሰብ ነበር። ከቤሌ ማዶ፥ ኦሞን ተሻግሮ ያለው ዳውሮ፥ ከካፋ፥ ከሸካ፥ ከቤንች ሸኮ፥ ከምዕራብ ኦሞና ከኮንታ ጋር መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልን መሠረተ፤ የወንዙ ሁለት ዳርቻዎችም በሁለት ክልሎች አደሩ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የወላይታ ዞን ምክር ቤት ጭምር ስድስቱ ዞኖችና አምስቱ ልዩ ወረዳዎች በአንድ ክልል ለመደራጀት ወሰኑ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በነሐሴ ወር ቦርዱ ሕዝበ ውሳኔውን እንዲያካሂድ አዘዘ። እንግዲህ ለሕዝቡ የቀረበው ወረቀት ሁለት ነገር ብቻ ይዞ ነበር፤ ወይ አዲሱን የጋራ ክልል መደገፍ፥ ወይ በነባሩ መቆየት። የወላይታ ሕዝብ ከአራት ዓመት በፊት በምክር ቤቱ አፍ የጠየቀው ለብቻ ክልል የመሆን ምርጫ በወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ የወላይታ ብሔራዊ ንቅናቄም ሌሎችም ይህን በግልጽ ነቅፈዋል። የጋራውን ክልል ወዶ ድምፅ የሰጠ መራጭ እጅግ ብዙ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን ሦስተኛውን ቢጠየቅ ምን ይል እንደ ነበረ ማንም ሊያውቅ አይችልም፥ አልተጠየቀምና። ጥያቄውን የሚያዘጋጀው ማን ነው፥ ከወረቀቱ ላይ የሚቀረውንስ የሚወስነው ማን ነው የሚለውን ጉዳይ የ2011ዱ ዐዋጆች አልነኩትም። ቦርዱ የተሰጠውን ጥያቄ በንጽሕና ማስፈጸም ይችላል፤ ጥያቄው ራሱ ንጹሕ ነው ወይ ብሎ ለመመርመር ግን ሥልጣን የለውም።

በተሰጠው ሥልጣን ልክ ያደረገውን ግን ልንነሣው አይገባም። ጥር 29 ቀን ድምፅ ከተሰጠ በኋላ የአሥሩን አካባቢዎች ውጤት አሳውቆ የአሥራ አንደኛውን፥ ያውም ከሁሉ ብዙ ሕዝብ ያለውን ዞን፥ ማፍረስ ለቦርዱ ቀላል አልነበረም። ምዝገባው፥ የሠራተኛው አበልና የቁሳቁሱ ማጓጓዣ ሁሉ ከባዶ ይጀመራል፤ የአካባቢው ሹማምንት ይቀየማሉ፤ ከሩቅ ለሚመለከተውም ነገሩ በወላይታ ላይ የተደረገ ውርደት ይመስላል። ከዚህ ሁሉ በላይ፥ ጥሰቱን የፈጸሙት ሰዎች ከተሸናፊው ይልቅ የአሸናፊው ወዳጆች መሆናቸው የሚጠረጠር ነበር፤ ከሚገባው በላይ ለማሸነፍ መጓጓት በእኛ አገር የታወቀ የአስተዳደር ሕመም ነው፤ መቶ ከመቶ ያላመጣ ቀበሌ እንደ ሰነፍ ተማሪ ይቈጠራልና። ይህን ሕመም የሚፈውሰው፥ የበዛው ውጤት እንደሚሰረዝ ማወቅ ብቻ ነው።

ተመሳሳዩን ነገር በአፍሪካ ያደረጉት ፍርድ ቤቶች ነበሩ። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመስከረም 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሰረዘ፤ ዳግመኛው ምርጫ ግን ተቃዋሚው ስላልተሳተፈበት አሸናፊውን አልለወጠም። በማላዊ በ2020 የካቲት ወር የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ያለፈውን ዓመት ምርጫ ሲሰርዝ፥ ከዚያ ወዲያ አሸናፊ ለመሆን ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል ሲልም ሕጉን ተረጐመ፤ በሰኔም በተደረገው ዳግመኛ ምርጫ ተቃዋሚው ላዛሩስ ቻክዌራ አሸነፉ። ማላዊ አሸናፊውን ብቻ ሳይሆን ስሌቱንም ለውጣለች። የወላይታው ከነዚህ የሚለየው ከሳሽ ተካስሶ ዳኛ ሳይፈርድ፥ አስፈጻሚው ራሱ ሥራውን መርምሮ በራሱ ላይ በመፍረዱ ነው፤ እንዲህ ያለው ምርመራ ከሹማምንት ይልቅ የመነኰሳት ልማድ ነው። ተደጋግሞ ይገኝ እንደ ሆነ ግን የሚወሰነው በሰብሳቢው ጠባይ ሳይሆን በተቋሙ ጽናት ነው፤ ብርቱካን ሚደቅሳ በጤና ምክንያት ሥራቸውን የለቀቁት ከዳግመኛው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ነበርና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁለት ያደሩ ዕዳዎች ይቀራሉ፤ ሁለቱም በአዲስ አበባ ጉባኤዎች እምብዛም አይነሡም። የመጀመሪያው የሕዝብ ቈጠራ ነው። ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ ቈጠራ ይካሄድ፥ በቈጠራውም ውጤትና በቦርዱ አሳብ አቅራቢነት የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን ወሰን ይቁረጥ ይላል። የመጨረሻው ቈጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው በ2009 መሆን ሲገባው ደጋግሞ ተላልፏል። ሕዝባቸው በስደትና በመወለድ ብዛት የተለዋወጠባቸው ወረዳዎችና ከተሞች ዛሬም በአሮጌ ወሰን ይመርጣሉ፤ በመሬት ጥበት ወጣቶቹ ወደየከተማው በሚፈልሱበት በወላይታ ምድር ደግሞ ይህ የቀን ተቀን ነገር ነው። በኦልድ ሳረም መሳቅ አይገባንም፤ ወሰኑ ሳይታረም ሕዝቡ የተንቀሳቀሰ አገር ሁሉ የራሱን ኦልድ ሳረም እየቈፈረ ነው።

ሁለተኛው የአካባቢ ምርጫ ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጡት በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው፤ በ2010 መደረግ የነበረበት ምርጫ ተላልፎ በዚያው ቀርቷል። የኪንዶ ኮይሻ ገበሬ በመሬት ክርክር፥ በማዳበሪያ ዕዳ፥ በጤና ጣቢያና በመንገድ ጉዳይ የሚገጥመው የቤሌውን ሹም እንጂ የአዲስ አበባውን ሚኒስትር አይደለም፤ ሆኖም ስለ ሩቁ መንግሥት በ2013 አንድ ጊዜ፥ ስለ ክልሉ ስምና ወሰን በ2015 ሁለት ጊዜ ሲጠየቅ፥ በየዕለቱ ደጃፉ ስለሚቆመው አስተዳዳሪ ግን ሳይጠየቅ አሥር ዓመት አልፎታል። በ2005 ዓ.ም. ሕፃን የነበረ ልጅ ዛሬ የመምረጥ ዕድሜ ሊደርስ ነው። ሕዝብን ሁለት ጊዜ አስወጥቶ ስለ ክልል ለመጠየቅ የበቃ አገር አንድ ጊዜ ስለ ቀበሌው ሊጠይቀው አይሳነውም።

ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ምርጫ ቦርዱ ስለ ሌላ መታደስ ከመምከራቸው በፊት የአካባቢውን ምርጫ ቀን ይቁረጡ፤ የተላለፈውም ቈጠራ ይካሄድ። የቤሌም መራጭ የ2015 ካርዱን አጣጥፎ ያስቀመጠ እንደ ሆነ፥ ስለ ወረዳው የሚመርጥበት ሌላ ካርድ መቼ እንደሚሰጠው ተጠሪዎቹን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ለመጠየቅ ዐዲስ ሕግ አያስፈልገውም።